ቶዮታ 86 ዝቅ ማድረግና ስፔሰር መግጠም፦ ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

ናቲ86 · ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የ2017 ቶዮታ 86 አለኝ፣ ማንዋል። ሞተሩን አልነካሁትም፣ መንካትም አልፈልግም። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ይረብሸኛል። ከጎን ሲታይ መኪናው በእግሩ ጣት የቆመ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው ቸርኬ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ከፓራፋንጎው ጋር እኩል እንዲሆን ወደ ውጭ ላወጣው እፈልጋለሁ። አዲስ ቸርኬ የመግዛት አቅም አሁን የለኝም፤ ስለዚህ ስፔሰር (ቸርኬው በሚታሰርበት ሞዞና በቸርኬው መካከል የሚገባ ቀለበት) አሰብኩ።

ያየሁት ሞላ 1 ኢንች ገደማ ያወርዳል። ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና የሾክ ስብስብ) የሚመክረኝም ሰው አለ። ስፔሰሩ 15 ይሁን፣ 20 ይሁን፣ 25 ሚሊሜትር ይሁን አልወሰንኩም። አንዱ ጓደኛዬ «ስፔሰር ጎማ ያስወልቃል፣ እንዳትነካው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ምንም አይልም» ይላል። መኪናውን በየቀኑ ወደ ሥራ እነዳዋለሁ፣ እዚህ ሜሪላንድ 495 (ቤልትዌይ) አውራ ጎዳና ላይ። በበረዶ ወቅትም ቆሞ አይውልም። ምን ትላላችሁ?

ቤኪ_ዜድ · ዱባይ

ናቲ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ ኒሳን 370ዜድ ነው ያለኝ። ኮይልኦቨር ገጥሜ ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ገባ እስኪል ድረስ አውርጄዋለሁ። መልኩ ሌላ ነው። ኮይልኦቨር ግዛ፣ ከፍታውን ራስህ ትወስናለህ። ሞላ ብቻ ከገዛህ ግን የሞላው ፋብሪካ በወሰነው ልክ ትቀራለህ። ስፔሰር 25 ከኋላ፣ 20 ከፊት። አለቀ።

ሩት_ቢአርዜድ · ሲያትል

ቤኪ፣ መኪናህ እንደሚያምር አልጠራጠርም። ዱባይ ውስጥ አስፋልቱ ልሙጥ ነው፣ በረዶም ጨውም የለም። ናቲ የሚነዳበት መንገድ ግን ሌላ ነው።

ናቲ፣ እኔ የምነዳው ሱባሩ ቢአርዜድ ነው። ከ86 ጋር ከታች አንድ መኪና ነው፤ ስለዚህ የምነግርህ ቁጥር ለአንተም ይሠራል። እባክህ ይህን ክፍል ታግሰህ አንብበው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው።

መኪና ሲወርድ የክብደቱ ማዕከል አብሮ ይወርዳል። ይህ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ «በወረደ ቁጥር ኩርባ ላይ ይሻላል» ብሎ ያስባል። እስከ አንድ ቦታ ድረስ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ይገለበጣል። የ86 የፊት ሰስፔንሽን (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የሞላ፣ የሾክና የክንድ ስብስብ) ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ሾኩ ራሱ ጎማውን ከላይ ይይዛል፣ ከታች ደግሞ አንድ ክንድ አለ። መኪናው በፋብሪካ ቁመቱ ሲቆም ያ ክንድ ወደ ጎማው በኩል ትንሽ ያዘቀዝቃል። ስታወርደው ወደ አግድም ይጠጋል። አብዝተህ ካወረድከው የጎማው በኩል ያለው ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል።

ይሄ ለምን ያሳስበናል? መኪና ኩርባ ላይ ሲያጋድል የሚዞርበት የምናብ ነጥብ አለ፣ ሮል ሴንተር ይባላል። ቦታውን የሚወስነው የዚያ ክንድ አቅጣጫ ነው። በማክፈርሰን መኪና ላይ አካሉ 1 ኢንች ሲወርድ ሮል ሴንተሩ ከ1 ኢንች በላይ ይወርዳል። በክብደቱ ማዕከልና በሮል ሴንተሩ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ ማለት ነው። መኪናውን የሚያጋድለው ጉልበት ደግሞ በዚያ ርቀት ልክ ይጨምራል። ሞላው በዚያው መጠን ካልጠነከረ፣ በጣም የወረደው መኪና ካልተነካው ይልቅ ያጋድላል። መልኩ የውድድር መኪና ሆኖ ኩርባ ላይ ሲሰንፍ ያየኸው መኪና ካለ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ካምበርም (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዘንበል ማለት) አለ። ክንዱ ከአግድም ካለፈ በኋላ ጎማው ወደ ላይ በተጫነ ቁጥር የክንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ይሳባል። ያኔ ጎማው የሚፈልገውን ዘንበል ማለት ያጣና በውጭ ጠርዙ ላይ ይሄዳል። የመሪው ዘንግም አንግሉ ስለሚቀየር፣ ጉድጓድ ስትመታ መሪውን ሳትነካው ጎማው ትንሽ ይዞራል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሾኩ ጉዞ። መኪናውን 25 ሚሊሜትር ካወረድከው፣ ሾኩ ወደ ላይ ለመጨመቅ የነበረውን 25 ሚሊሜትር በልተሃል። ጉዞው መጨረሻ ላይ መከላከያ ላስቲክ አለ። በጣም የወረደ መኪና በየጉድጓዱ እዚያ ላስቲክ ላይ ያርፋል። ወገብህ ይሰማዋል። ኩርባ መሃል ላይ ሲያርፍ ደግሞ አደገኛ ነው፤ የዚያ ጎን ሰስፔንሽን በአንድ ጊዜ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ጎማው መንገዱን ይለቃል።

ለየቀኑ መንዳት ለ86 ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ክፍተቱ በግልጽ ይቀንሳል፣ መኪናውም መንገዱን ይይዛል። ስለ ስፔሰሩ ቆይቼ እጽፋለሁ፤ ጋሼ አንጋፋው_መካኒክም ቢገቡበት ደስ ይለኛል።

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ልጆች። ሩት ያለችው ትክክል ነው፣ በደንብ አስረድታዋለች። እኔ ከእጅ ሥራው በኩል ልጨምር። ሶማሌ ተራ አጠገብ ነው ሥራ የጀመርኩት፣ እዚህም ከመኪና ሥር አልወጣሁም።

ናቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ሾኩ ስንት ማይል እንደሄደ ንገረኝ። ከ2017 ጀምሮ ያው ከሆነ በእሱ ላይ አዲስ አጭር ሞላ አታስገባ። አጭር ሞላ ጠንካራ ነው። ጠንካራ ሞላ ተጨምቆ ሲመለስ የሚገታው ሾኩ ነው። የደከመ ሾክ አይገታውም፣ መኪናው ይዘልልሃል። ሾክ አብረህ ቀይር፤ ሥራው አንድ ጊዜ ነው የሚፈታው።

ኮይልኦቨር መጥፎ ነገር አይደለም። ግን እዚህ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ቁመት የሚስተካከልበት ጥርስ በጨው ተበልቶ ይያያዛል። በየዓመቱ አጥቦ፣ ቀብቶ የሚንከባከበው ሰው ካልሆንክ ከሁለት ክረምት በኋላ አትፈታውም። ኮይልኦቨር ከገዛህም ርካሹን አትግዛ። ከርካሽ ኮይልኦቨር ጥሩ ሞላ ከጥሩ ሾክ ጋር ይሻላል።

ራስህ ልትሠራው ካሰብክ ሁለት ነገር ያዝልኝ። የፊቱን ሞላ ከሾኩ ለማውጣት መጭመቂያ ያስፈልጋል። የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። መጭመቂያው የረከሰ ወይም ጥርሱ የተበላ ከሆነ አትጀምረው። ሾኮቹን ፈተህ ጋራዥ ውሰዳቸው፣ ሞላውን እዚያ ይቀይሩልሃል። በቁራጭ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ብዙ ገንዘብ አያስወጣህም።

ሌላው፣ የክንዶቹን ብሎኖች መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ጨርሰህ አታጥብቅ። በክንዱ ውስጥ ያለው ላስቲክ ቡሽ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅከው፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቡሹ ቀኑን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ይውላል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የመጨረሻውን ማጥበቅ። ብዙ ወጣት መካኒኮች ይህን አያደርጉም። ከዚያ ደንበኛው «ዝቅ ካደረግኩት ጀምሮ ይጮኻል» እያለ ይመለሳል።

ናቲ86 · ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሾኩ የፋብሪካው ነው፣ ማይሉም ሄዷል። እንደነገሩኝ ሾክና ሞላ አብሬ እቀይራለሁ። ሩት፣ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት፣ ግልጽ ነው። አሁን ስፔሰሩ ላይ እንምጣ። እውነት ጎማ ያስወልቃል?

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ልጄ፣ በትክክል የተሠራና በትክክል የታሰረ ስፔሰር ጎማ አያስወልቅም። የሚያስወልቀው መሃሉ የማይገጥም ስፔሰር፣ ያጠረ ብሎንና ያልጠበቀ ዳዶ ነው።

የ86 ሞዞ መሃሉ ላይ ክብ ከንፈር አለው፣ 56.1 ሚሊሜትር። ቸርኬው መሃል ለመሃል የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ጥሩ ስፔሰር ከውስጥ በዚህ ከንፈር ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ በውጭ በኩልም ለቸርኬው ተመሳሳይ ከንፈር አለው። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ሰፊ ቀዳዳ የተበሳለት ስፔሰር አለ፤ እሱን ለሰጠህ ሰው መልስለት። 60 ማይል ስትደርስ መሪህ ይንቀጠቀጣል። የብሎኖቹ አቀማመጥ 5 በ100 ነው (5 ብሎን፣ 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ)፣ ጥርሱ ደግሞ 12 በ1.25 (12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በየጥርሱ 1.25 ሚሊሜትር)። ሦስቱም ቁጥር ስፔሰሩ ላይ ካልተጻፈ አትግዛው።

አስተሳሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀጭን ነው፤ በብሎኖቹ ላይ ዝም ብሎ ይገባል፣ ዳዶው በላዩ ይታሰራል። 5 ሚሊሜትር እንኳን ሲሆን ብሎኑ ያን ያህል አጥሮብሃል። ረጅም ብሎን ወደ ሞዞው ካልተመታ በስተቀር እኔ አላስርም። ዳዶው የሚይዘው የጥርስ ርዝመት ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያክል መሆን አለበት። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን በ1.25 ጥርስ ከ9 ዙር በላይ ማለት ነው። በእጅህ እያዞርክ ቁጠር። 5 ወይም 6 ዙር ላይ ከጠበቀ መኪናውን አትንዳው።

ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ የራሱ ብሎኖች አሉት። ስፔሰሩን በመኪናው ብሎኖች ላይ በራሱ ዳዶ ታስረዋለህ፣ ቸርኬውን ደግሞ በስፔሰሩ ብሎኖች ላይ። ለአንተ የሚሆነው ይሄ ነው። ሁለቱም ጋ 120 ኒውተን ሜትር፣ በእናንተ አቆጣጠር 89 ፓውንድ ፉት። በቶርክ መፍቻ፣ በኮከብ ቅርጽ እየተሻገርክ። የአየር ሽጉጡን ለማውለቅ ብቻ ተጠቀምበት።

ሩት_ቢአርዜድ · ሲያትል

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ናቲን የሚመለከተው እሱ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ስፔሰር ከመኪናው ብሎን ርዝመት ከቀጠነ፣ የመኪናው ብሎን ጫፍ ከስፔሰሩ ፊት ብቅ ይላል። ያ ጫፍ የሚገባበት ክፍት ቦታ በቸርኬው ጀርባ ከሌለ ቸርኬው ስፔሰሩ ላይ አይተኛም። አንተ ግን ያጠበቅከው ይመስልሃል፤ ቶርክ መፍቻውም «ቀጭ» ይልልሃል። ቸርኬው ግን የተቀመጠው በብሎን ጫፍ ላይ ነው። ጓደኛህ ጎማ ያስወልቃል ያለው እንዲህ ዓይነቱን ካየ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ጎማውን አውልቅና ከሞዞው ፊት እስከ ብሎኑ ጫፍ በሚሊሜትር ለካ። ከዚያ የስፔሰሩን ውፍረት ቀንስ። የተረፈው ብቅ የሚለው ነው። ቸርኬውን ገልብጠህ በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ጥልቀቱን ለካ። ጥልቀቱ ከበለጠ ትገጥማለህ። ካልበለጠ ወፍራም ስፔሰር ትመርጣለህ።

አሁን ስንት ይሁን ወደሚለው። ያንተ ቸርኬ 17 በ7 ኢንች ነው፣ ኦፍሴቱ (ከቸርኬው ስፋት መሃል እስከ ሞዞው የሚያርፍበት ፊት ያለው ርቀት) 48 ሚሊሜትር። 20 ሚሊሜትር ስፔሰር ስታስገባ ኦፍሴቱ 28 ይሆናል፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ በ40 ሚሊሜትር ይጨምራል። ቁጥሩን ከሰው አትውሰድ። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ብሎን የታሰረበት ክር አንጠልጥል፣ ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ለካ። ሞላውን ካስገባህ በኋላ ነው የምትለካው፣ ምክንያቱም ሲወርድ የጎማው አናት ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቤኪ_ዜድ · ዱባይ

ሩት፣ የብሎኑን ነገር ያልሽው በጣም ጠቃሚ ነው። የእኔ 25 ስለሆነ ነው ችግር ያልገጠመኝ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስፋቱ ከጨመረ መኪናው መንገድ መያዝ የለበትም? ሰፊ እግር አይሻልም?

ሩት_ቢአርዜድ · ሲያትል

ቤኪ፣ ይሻላል፣ ግን የሚከፈል ዋጋ አለው። ስፋቱ ሲጨምር ኩርባ ላይ ከውስጥ ጎማ ወደ ውጭ ጎማ የሚሸጋገረው ክብደት ይቀንሳል። ይሄ ትርፉ ነው።

ዋጋው ከፊት በኩል ይታያል። መሪው የሚዞርበት መስመር መሬቱን የሚነካበት ቦታ አለ፤ ጎማው መሬቱን የሚነካበት መሃልም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በፋብሪካ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ስፔሰር ያንን በውፍረቱ ልክ ያርቀዋል። ከዚያ መንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቦይና ስንጥቅ መሪህን ይጎትተዋል። አንዱ የፊት ጎማ ውሃ ላይ፣ ሌላው ደረቅ ላይ ሆኖ ፍሬን ስትይዝ መሪው ወደ አንድ ጎን ይሳብሃል። ኩሽኔታውም ክንዱ ረዝሞበት ነው የሚሠራው። ሞላውም ከጎማው አንፃር ትንሽ እንደላላ ይሆናል፣ ምክንያቱም ጎማው ርቆ ነው የሚገፋው።

ሌላ ደግሞ፣ ከኋላ ብቻ ብታሰፋ የኋላው ይበልጥ መንገድ ይይዛል፣ የፊቱ ባለበት ይቀራል። ውጤቱ መሪ ስታዞር ፊቱ እየሸሸ የሚሄድ መኪና ነው። 86ን የገዛነው ደግሞ ፊቱ ስለሚታዘዝ ነው። ስለዚህ የፊትና የኋላ ልዩነቱን ከ5 ሚሊሜትር በላይ አታድርገው፤ ለዚህ መኪና የእኔ አስተያየት ነው።

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሩት፣ እዚህ ላይ ትንሽ እለይሻለሁ። ልጁ ወደ ሥራ ነው የሚሄድበት። ከፊት 15 እንኳን ለእኔ ይበዛል። ከፊት ምንም፣ ከኋላ 15 ቢያደርግ መሪው ንጹሕ ሆኖ ይቀርለታል። የፊቱ መሸሽ በቤልትዌይ ላይ አይታይም።

ሩት_ቢአርዜድ · ሲያትል

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ዝናብ ላይ የመውጫ ኩርባ ላይ ይታያል። የፊቱን መሸሽ ለማካካስ ፊቱ ላይ ካምበር ከጨመረ ግን እርስዎ ያሉትም ያስኬዳል።

ማይን86 · ፍራንክፈርት

እናንተ አሜሪካ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። እዚህ ጀርመን ሞላም ሆነ ስፔሰር ስንገዛ ከእቃው ጋር የምስክር ወረቀት መኖሩን ነው መጀመሪያ የምናየው። ገጥመን ቲዩፍ (የመኪና ምርመራ ድርጅት) እንሄዳለን፤ መርማሪው ካሳለፈው በመኪናው ወረቀት ላይ ይመዘገባል። ሳይመዘገብ የተነዳ መኪና የመንገድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፣ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ከኢንሹራንስ ጋር ጣጣ አለው።

አንድ የምወድላቸው ነገር አለ። አንዱን የፊት ጎማና በማዶ ያለውን የኋላ ጎማ ከፍ ባለ ነገር ላይ ያወጡና መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻ ያዞሩታል። በዚያ ሁኔታ ጎማው ፓራፋንጎውን፣ የውስጡን ፕላስቲክ ወይም ሾኩን ከነካ አያልፍም። ናቲ፣ ይህን ቤትህ ፊት ለፊት በሁለት ጠንካራ ጣውላ ራስህ ማድረግ ትችላለህ። ቆሞ ያልነካ ጎማ ሦስት ሰው ተሳፍሮ ጉድጓድ ሲገባ ሊነካ ይችላል።

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጥሩ ብለሃል። እዚህም ሕጉ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ የደህንነት ምርመራው መኪናው ባለቤት ሲቀይር ነው፤ ቨርጂኒያ ግን በየዓመቱ ነው። ናቲ፣ ወደ ቨርጂኒያ የመሻገር ሐሳብ ካለህ ስፔሰር ከመግዛትህ በፊት የምርመራ ፈቃድ ያለውን ጋራዥ ጠይቅ። ኢንሹራንስህንም ደውለህ አሳውቅ።

ዮኒ_ቦክስተር · አትላንታ

የናቲን ውይይት ላለማቋረጥ በአጭሩ ልጠይቅ። የ2006 ፖርሽ ቦክስተር አለኝ። ሞዞው ላይ የተተከለ ብሎን የለም፤ ብሎኑ ራሱ በቸርኬው አልፎ ሞዞው ውስጥ ነው የሚታሰረው። የስፔሰሩ ነገር እንዴት ነው?

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ዮኒ፣ ያንተ ከአንድ በኩል ይቀላል። ስፔሰሩን ታስገባለህ፣ በስፔሰሩ ውፍረት ልክ የረዘመ ብሎን ትጠቀማለህ። 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ከሆነ 5 ሚሊሜትር የረዘመ ብሎን፣ ብዙም ትንሽም አይሁን። ያጠረው አይይዝም፣ የረዘመው ደግሞ ከሞዞው ጀርባ ወጥቶ ሌላ ነገር ሊነካ ይችላል። የፖርሽ ብሎን መቀመጫው ክብ ኳስ ቅርጽ ነው። ብዙው ገበያ ላይ ያለው ሾጣጣ ነው፤ ሾጣጣውን ፖርሽ ቸርኬ ላይ ካሰርክ የሚነካካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ እየላላ ይሄዳል። ያንተ ዘመን መኪና በ130 ኒውተን ሜትር ይታሰራል። ፖርሽ ራሱ ለመኪኖቹ ስፔሰር ሸጧል፤ ስለዚህ በሐሳቡ አትፍራ፣ በእቃው ጥራት ግን አትደራደር።

ሰላም_ገርጂ · አዲስ አበባ

ሰላም፣ እኔ የስፖርት መኪና የለኝም። ቪትዝ ነው የምነዳው። እዚህ የእኛ ጭንቀት ተቃራኒው ነው፤ በየሰፈሩ ያለው ጉብታ ሆዱን እየነካ አስቸገረኝ። መካኒኩ ከሾኩ አናት ላይ ወፍራም ነገር አስገብቶ ከፍ ሊያደርግልኝ ነው። እናንተ የምትሉትን ሳነብ ፈራሁ። ይጎዳዋል?

ሩት_ቢአርዜድ · ሲያትል

ሰላም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቪትዝም ፊቱ ማክፈርሰን ስለሆነ ሕጉ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይለያያል። በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ብዙ አይጎዳውም። ብዙ ከፍ ካደረግሽው ግን ክንዱ በጣም ያዘቀዝቃል። ጎማውን የሚያዞረው አክስል አንግሉ ይበዛበትና የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ግራሶው ፈሶ አቧራ ሲገባበት መጮኽ ይጀምራል። ጎማው ሲንጠለጠልም ክንዱና አክስሉ ከፋብሪካው ልክ በላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ስለዚህ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ላይ አቁሚው፣ ከዚያ አላይመንት አሠሪ። መካኒኩ የሚያስገባው ነገር ከጠንካራ ላስቲክ ወይም ከአልሙኒየም የተቀረጸ ይሁን፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ከሆነ እምቢ በይው። የአናቱ ብሎኖችም መርዘማቸውን አረጋግጪ።

ሰላም_ገርጂ · አዲስ አበባ

ሩትዬ አመሰግናለሁ። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ነበር ሊያስገባልኝ የነበረው። ሌላ ጋር እሄዳለሁ።

ናቲ86 · ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም በድጋሚ። ሥራው አልቋል። አዲስ ሾክና 1 ኢንች የሚያወርድ ሞላ ገባ። ብሎኖቹ ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ነው የጠበቁት፤ ጋሼ፣ እዚያው ቆሜ አየሁ። ከዚያ በክር ለካሁ። ከፊት 20 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት አለ፣ ከኋላ ትንሽ ይበልጣል። የቸርኬው ጀርባ ጎድጓዳ አለው፣ የብሎኑም ትርፍ ይገባበታል። ከፊት 15፣ ከኋላ 20 ገዛሁ፣ መሃሉ 56.1። በጣውላው ፈተና ምንም አልነካም።

መኪናው በጣም ደስ ይላል። ግን ሁለት ነገር አለ። መሪው ቀጥ ብዬ ስነዳ ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚቆመው። ደግሞ 65 ማይል ላይ ስስ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ከስፔሰሩ በፊት አልነበረም።

ሩት_ቢአርዜድ · ሲያትል

እንኳን ደስ አለህ! መሪው የአላይመንት ጉዳይ ነው፣ የሚጠበቅ ነው። ሞላው ጥቂት እስኪረጋ ነድተኸው ነው የምትወስደው፤ ግን ብዙ አትቆይ፣ ጎማ ይበላል።

አላይመንት ስትሄድ «በፋብሪካ ልክ አድርጉልኝ» ብቻ አትበላቸው። የ86 የኋላ ሰስፔንሽን ሲወርድ ከፊቱ ይበልጥ ካምበር ያገኛል። ፊቱ ዜሮ አካባቢ ቀርቶ ኋላው ወደ 2 ዲግሪ ሲጠጋ መኪናው ፊቱ ይሸሻል። በፋብሪካው አሠራር ደግሞ ከኋላ የሚስተካከለው ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው) ብቻ ነው፤ ካምበሩን ለማስተካከል የሚስተካከል የታችኛው ክንድ መግዛት አለብህ። በ1 ኢንች ግን ያ ግዴታ አይደለም። ፊቱ ላይ በሾኩና በሞዞው መገናኛ የሚገባ የካምበር ብሎን አለ፣ ርካሽ ነው። በእሱ ፊቱን ከ1 ዲግሪ በላይ አሉታዊ (አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ) አድርገው፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ቶው ከፊት ዜሮ፣ ከኋላ ትንሽ ወደ ውስጥ። ጎማን ቶሎ የሚበላው ካምበር ሳይሆን የተበላሸ ቶው ነው። ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ተቀብለህ አስቀምጠው።

የፊት መብራቱንም ግድግዳ ላይ አብርተህ እየው። የመብራት ከፍታ በራሱ የሚያስተካክል ሴንሰር ያለው መኪና ኋላው ሲወርድ ጭነት የተጫነ ይመስለውና ብርሃኑን ወደ ታች ያወርደዋል። ማታ መንገዱ አጭር ከሆነብህ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መንቀጥቀጡ ከስፔሰሩ በኋላ ከመጣ ጎማ ባላንስ ለማሠራት አትሩጥ። ስፔሰሩን አውልቅና የሞዞውን ፊት እየው። የሜሪላንድ መኪና ነው፣ ዝገት ይኖረዋል። ስፔሰርና ሞዞ መካከል የተቀመጠ የወረቀት ውፍረት ያህል ዝገት ጎማውን ያጣምመዋል። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ጥረገው፣ የከንፈሩን ዙሪያም። ከንፈሩ ላይ ብቻ ስስ የመዳብ ቅባት ቀባው፤ አልሙኒየሙ ከብረቱ ጋር ተያይዞ እንዳይቀር ነው። ብሎኑ ጥርስ ላይ ግን ቅባት አታስነካ። ቅባት ካለው መፍቻው 120 ሲልህ ብሎኑ ከዚያ በላይ ተወጥሯል።

ከዚያ 50 ማይል ነድተህ ጎማውን አውልቅ፣ የውስጡን የስፔሰር ዳዶ በቶርክ መፍቻ ፈትሽ፣ መልሰህ እሰርና የውጭውንም ፈትሽ። ሰው የውጭውን ብቻ ይፈትሻል፣ የሚላላው ግን የውስጡ ነው።

ናቲ86 · ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት ነው። በስተግራ የፊት ሞዞው ላይ የዝገት ቅርፊት ነበር። ጠርጌ መልሼ አሰርኩት፣ በ70ም ጸጥ ብሎ ይሄዳል። አላይመንት ቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ። የበረዶ ጎማዬ በሌላ ቸርኬ ላይ ነው ያለው። ያኔ ስፔሰሩን ልተወው ወይስ ላውልቀው?

አንጋፋው_መካኒክ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አውልቀው። የበረዶው ቸርኬ ጀርባው ጎድጓዳ መኖሩን አላየነውም፣ ጨውም ስፔሰሩን አይምረውም። አጥበህ፣ አድርቀህ ከነዳዶዎቹ በአንድ ሣጥን አስቀምጠው፤ የስፔሰሩ ዳዶ አጭር ነው፣ ከመኪናው ዳዶ ጋር እንዳይቀላቀልብህ። በጸደይ ስትመልሰው ሞዞውን እንደገና ትጠርጋለህ፣ 50 ማይሉንም እንደገና ትነዳለህ።